አየር መንገድ ያሠልጥንዎ ወይስ በራስዎ ወጪ? አብራሪ ለመሆን ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አብራሪ መሆን የሚመኝ ወጣት ባለበት ቤት ሁለት ጥያቄዎች በየተራ ይነሳሉ። የመጀመሪያው የአየር መንገዱ የሠልጣኝ አብራሪ ማስታወቂያ መቼ ይወጣል የሚለው ነው። ማስታወቂያው ከዘገየ ወይም ፈተናው ካልተሳካ ሁለተኛው ይከተላል፤ ዕቁቡ ወጥቶ፣ ቤቱ ተሸጦ፣ አሜሪካ ያለው አጎት ተለምኖ በግል ማስተማር ይቻል ይሆን? ሁለቱም መንገዶች ኮክፒት ያደርሳሉ፤ በሁለቱም ያለፉ ጥሩ አብራሪዎች አሉ። ከመወሰንዎ በፊት ግን አንድ ሌላ ጥያቄ እንዲያስቀድሙ እለምንዎታለሁ፦ ነገሩ መንገድ ላይ ቢቋረጥ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው? አየር መንገዱ፣ እርስዎ ወይስ ዋስ ሆኖ የፈረመልዎ ዘመድ?

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሜዲካሉን ይጨርሱ

በንግድ አብራሪነት ለመሥራት የአንደኛ ክፍል የአቪዬሽን ሕክምና ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ምርመራውን የሚያደርገው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዕውቅና የሰጠው ሐኪም ሲሆን፣ ዓይንን፣ ቀለም መለየትን፣ ጆሮን፣ ልብን፣ የአእምሮ ጤንነትንና የቀድሞ ሕመምን ያያል። መነጽር ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ አያግድም። ቀይና አረንጓዴን መለየት አለመቻል ግን ባለቤቱ ራሱ እስከ ሃያ ዓመቱ ሳያውቀው ሊቆይ የሚችል ነገር ነው።

አየር መንገድ በሚያሠለጥንበት መንገድ ሕክምናው የምልመላው አካል ስለሆነ፣ ባያልፉ የሚያዝኑት ለተስፋዎ ነው እንጂ ለገንዘብዎ አይደለም። በግል ሲሆን ነገሩ ይለያል። አሜሪካን እንውሰድ፤ እዚያ ለግል አብራሪነት ፈቃድ የሚበቃው የሦስተኛ ክፍል ሜዲካል ነው። ተማሪው በዚያው ይጀምራል፣ ይከፍላል፣ ብቻውን ይበራል፣ የመጀመሪያ ፈቃዱንም ይይዛል። ችግሩ የሚታወቀው የአንደኛ ክፍሉን ሲጠየቅ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙ ሺህ ዶላር ወጥቷል። ስለዚህ የትኛውንም መንገድ ቢያስቡ መጀመሪያ የአንደኛ ክፍሉን ምርመራ ያድርጉ። ከዚህ ሁሉ ወጪ መካከል ትንሹ እሱ ነው።

አየር መንገድ ሲያሠለጥንዎ የሚፈርሙት ውል

የአየር መንገድ ስፖንሰርሺፕ ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ወጣት የተሻለው መንገድ እንደሆነ አምናለሁ። ትልቁ ጥቅሙ ክፍያው ብቻ አይደለም። አየር መንገዱ የራሱን ገንዘብ ስለሚያወጣ የማይሆነውን ሰው ከመጀመሪያው ይለያል፤ በጽሑፍ፣ በቃለ መጠይቅ፣ በችሎታ መለኪያ ያጣራል። በክፍያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን ተማሪው ቶሎ ባይገባው ተጨማሪ ሰዓት ይሸጥለታል፤ "ይህ ሙያ ላንተ አይሆንም" ለማለት የሚገፋፋው ነገር የለም።

ሆኖም አየር መንገዱ ያወጣውን ገንዘብ በአገልግሎት ዓመታት መልሶ ይፈልገዋል። ለዚህም ሠልጣኙ የአገልግሎት ግዴታ ይገባል፤ ዋስም ያቀርባል። በእኛ አገር ዋስ መሆን የዝምድና ግዴታ ተደርጎ ስለሚታይ አጎት ወይም የአባት ጓደኛ "ለልጁ ብዬ" ብሎ ሳያነብ ይፈርማል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ የሚሰጥ እንጂ የሚገመት አይደለም፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ካልተገለጸም ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ዋስዎ የፈረመበትን አኃዝ ማወቅ አለበት፤ በወርቅ ሰንሰለት ዋጋ ሳይሆን በቤት ዋጋ የሚቆጠር ሊሆን ይችላልና። "በአንድነትና በነጠላ ኃላፊነት" የሚል ሐረግ ካለ ደግሞ ትርጉሙ ከባድ ነው፤ አየር መንገዱ መጀመሪያ እርስዎን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ዋሱ መሄድ ይችላል ማለት ነው። ዋስዎን ከመፈረሙ በፊት አስቀምጠው ውሉን አብረው ያንብቡ። ከልብ የሚወድዎ ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።

በውሉ ውስጥ በተለይ የሚከተሉትን ይፈልጉ። የአገልግሎት ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው መቼ ነው? ትምህርት ሲጀምሩ፣ ሲመረቁ ወይስ በረዳት አብራሪነት ከመንገደኛ ጋር መብረር ሲጀምሩ? በመካከላቸው ረጅም ጊዜ ሊኖር ይችላል። ዕዳው በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል ወይስ በግዴታው የመጨረሻ ወር ቢለቁም ሙሉውን ይከፍላሉ? ወደ ሌላ ዓይነት አውሮፕላን፣ ለምሳሌ ከኪው 400 ወደ 737 ወይም ወደ 787 ሲዛወሩ አዲስ ግዴታ ይጨመራል? በትምህርቱ ቢወድቁ ይከፍላሉ? ታመው ሜዲካል ቢያጡስ? አየር መንገዱ ራሱ አሠልጥኖ ሳይቀጥርዎ ቢቀርስ? የመጨረሻዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ሰው አያነሳም፤ ቤተሰብን ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ግን እነሱ ናቸው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል የሚያውቁ ወጣቶች "እንግዲያውስ ምን ያስፈራል?" ይላሉ። ሥራ መልቀቅ መቻል የሥልጠና ዕዳን አይሰርዝም። የባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ልምድ ያለው አብራሪ ከየአገሩ ይቀጥራሉ፤ ጥሩ ደመወዝ ያለው ጥሪ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ግዴታው ሳያልቅ ነው። ያን ዕለት ውሉን እንደ አዲስ ከማንበብ ዛሬ ማንበብ ይሻላል።

ስፖንሰር የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም

የብሪቲሽ ኤርዌይስ ስፒድበርድ የተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2023 ሲጀመር የሠልጣኙን ወጪ እስከ 100 ሺህ ፓውንድ እንደሚሸፍን አስታውቆ ነበር። ይህ እውነተኛ ስፖንሰርሺፕ ነው፤ አመልካቹ ግን በብሪታንያ የመኖርና የመሥራት መብት ያለው መሆን አለበት። የኤምሬትስ የበረራ ማሠልጠኛ አካዳሚ በበኩሉ የአገሩን ዜጎች በአየር መንገዱ ወጪ ያስተምራል፤ ሌላው ተማሪ ከፍሎ ይገባል። ዱባይ ተወልዶ ያደገ የኢትዮጵያዊ ልጅ ከኤምሬት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ቢቀመጥም የገንዘቡ ታሪክ የተለያየ ነው። ወላጆች ይህን አስቀድመው ይወቁ።

ሌላም ዓይነት አለ፤ የአየር መንገድ ስም የተለጠፈበት፣ ክፍያው ግን በተማሪው የሆነ። ማስታወቂያው "ከተመረቃችሁ በኋላ ለቅጥር ትታሰባላችሁ" ይላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ አውሮፕላኖችን መሬት ላይ ሲያውል፣ አውሮፓ ውስጥ በዚህ መንገድ ይማሩ የነበሩ ካዴቶች የተባለላቸው ሥራ ቀርቶ ብድሩ ብቻ ቀረባቸው። "መታሰብ" የቅጥር ውል አይደለም። የተጻፈ የቅጥር ቃል ከሌለ በራስዎ ወጪ እንደሚማሩ አድርገው ያስሉት።

በራስዎ ወጪ ሲማሩ፦ የማስታወቂያው ዋጋና እውነተኛው ዋጋ

ትምህርት ቤቶች ዋጋ የሚናገሩት ሕጉ በሚጠይቀው ዝቅተኛ የበረራ ሰዓት ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ 200 ሰዓት፣ በጸደቀ የተቀናጀ ኮርስ ደግሞ 150 ሰዓት ይበቃል፤ አሜሪካ በመደበኛው መንገድ 250 ይጠይቃል። ብዙ ተማሪ በዝቅተኛው አይጨርስም። አየር ጸባዩ ይበላሻል፣ አውሮፕላኑ ጥገና ይገባል፣ አስተማሪው ሥራ ይቀይራል፤ ተማሪው በተመለሰ ቁጥር የረሳውን ለመከለስ ይከፍላል። የፈተና ክፍያ፣ የድጋሚ ፈተና፣ የማረፊያ ክፍያ፣ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን፣ ቪዛ፣ ቤት ኪራይና ምግብ በዋጋው ውስጥ መኖራቸውን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚያም በሚነገርዎ ላይ ጥሩ መጠባበቂያ ይጨምሩ።

ለኢትዮጵያ ቤተሰብ ደግሞ ምንዛሪ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 100 ሺህ ዶላር በባንክ ተመን 5.7 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ትምህርት ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። ልጁ ውጭ አገር ኮርሱን ግማሽ ላይ አድርሶ የነበረ ቤተሰብ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። ገቢዎ በብር፣ ክፍያዎ በዶላር ከሆነ የሙሉ ኮርሱ ገንዘብ በእጅ ሳይኖር አይጀምሩ።

ሙሉውን ገንዘብ በእጅ ይያዙ ማለቴ ግን ሙሉውን በአንድ ጊዜ ይክፈሉ ማለቴ አይደለም። በፍጹም አይክፈሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስቴት ሄሊኮፕተርስ የተባለው ትልቅ ትምህርት ቤት በድንገት ተዘግቶ ተማሪዎቹ ብድር ተሸክመው ያለ ፈቃድ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ስኮትላንድ፣ ደንዲ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ቴይሳይድ አቪዬሽን ሲከስር ቅድሚያ የከፈሉ ተማሪዎች ተጎዱ። ስም ያለው ትምህርት ቤትም ይዘጋል። በበረሩት ሰዓት ልክ ወይም በአነስተኛ ዙር እየከፈሉ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ይምረጡ። "አሁኑኑ ሙሉውን ብትከፍል ቅናሽ አለህ" ካሉዎት ቅናሹን ይተውላቸው።

ፈቃዱን ከያዙ በኋላስ?

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ፈቃድ የያዘ፣ ወደ 200 ሰዓት የበረረ፣ ቀጣሪ የሌለው ወጣት በየአገሩ አለ።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በጥቅሉ 1500 ሰዓት ትጠይቃለች፤ በጸደቀ የአቪዬሽን ፕሮግራም ዲግሪ ለያዘ ወደ 1000 ይወርዳል። የአገሩ ልጅ ይህን ክፍተት የሚሞላው በአስተማሪነት እየሠራ፣ እየተከፈለው ነው። በኤም 1 የተማሪ ቪዛ የሄደ ኢትዮጵያዊ ግን ከትምህርቱ በኋላ ሊፈቀድለት የሚችለው የተግባር ልምምድ ቢበዛ ስድስት ወር ነው። 250 ሰዓት ይዞ አገሩ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ሜሪላንድ ወይም ቴክሳስ የሚኖር፣ ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው የኢትዮጵያዊ ልጅ በራሱ ወጪ ቢማር እደግፈዋለሁ፤ ሠርቶ ሰዓቱን ያጠራቅማል። ከአዲስ አበባ ለሚሄደው ወንድሙ ግን ያው ትምህርት ቤት ያን ውጤት አያመጣም።

አገር ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ የውጭውን ፈቃድ በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማስመዘን አለ። የሚጠይቁትን ሰነድና ፈተና ትምህርት ከመጀመርዎ በፊት ባለሥልጣኑ ዘንድ ሄደው ይጠይቁ፤ የመረጡት ትምህርት ቤት ሰነድ ተቀባይነት እንዳለውም ያረጋግጡ። ቀጥሎ ቀጣሪ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎቹን በዋናነት በራሱ ማሠልጠኛ ያፈራል፤ የግል የበረራ ድርጅቶች በቁጥርም በአውሮፕላንም ጥቂት ናቸው። በሚጠብቁበት ጊዜ ደግሞ ፈቃድዎ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሜዲካሉ ይታደሳል፣ የመሣሪያ በረራ ብቃቱ በየጊዜው ይፈተናል፣ እጅዎ እንዳይዝግ መብረር ይኖርብዎታል። ይህ ሁሉ ያለ ደመወዝ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ ያለ ወጣት የሚወድቅበት ወጥመድም አለ፤ ለታይፕ ሬቲንግ (አንድን የአውሮፕላን ዓይነት ለማብረር ለሚያስፈልገው ብቃት) ከፍሎ፣ ከዚያም በመንገደኛ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ሆኖ ለሚበርበት ሰዓት ጭምር እንዲከፍል የሚጠይቁ አቅራቢዎች። ሠርቶ የሚከፍል ሠራተኛ ሊኖር አይገባም። ከእንዲህ ዓይነቱ ይራቁ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አገር ቤት ካሉ መጀመሪያ የአየር መንገዱን ምልመላ ይሞክሩ፤ ባይሳካ አንድ ጊዜ ወድቄአለሁ ብለው ቤት ለማሸጥ አይቸኩሉ። ዲግሪዎን ይጨርሱ፣ እንግሊዝኛዎንና ሒሳብዎን ያጠናክሩ፣ የዕድሜ ገደቡን ከማስታወቂያው እያዩ እንደገና ያመልክቱ። በራስዎ ወጪ ይማሩ የምልዎ አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ የአንደኛ ክፍል ሜዲካል በእጅዎ ካለ፣ ገንዘቡ ቢጠፋ ቤተሰቡ የሚያድርበት ቤት የማይነካ ከሆነ፣ በሚማሩበት ወይም በሚመለሱበት አገር የመሥራት መብት ካለዎት፣ የመጀመሪያ ሥራዎ ከየት እንደሚመጣ በስም መጥራት ከቻሉ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ይጠብቁ።

ስፖንሰር አግኝተው ለመፈረም ከተጠሩ ደግሞ የውሉን ቅጂ ይጠይቁ፣ ወደ ቤት ይውሰዱት፣ ለጠበቃ ያሳዩት፣ ከዋስዎ ጋር ያንብቡት። የአንድ ሰዓት የጠበቃ ክፍያ ከዓመታት ክስ ይረክሳል።