ከአሮጌ ኮርኒስ ሥር ጂፕሰም ቦርድ መግጠም፦ ጌጡን ምን እናድርገው?

ለንደን ወይም ሊድስ ውስጥ በቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ቤት የገዛ ሰው ሳሎኑ መሃል ቆሞ ቀና ሲል የተሰነጣጠቀ፣ እዚህም እዚያም የረገበ ኮርኒስ ያያል። ኮርኒሱና ግድግዳው በሚገናኙበት ጥግ ደግሞ ክፍሉን ሙሉ የሚዞር፣ አንዳንዴ ቅጠልና አበባ ያለበት የልስን ጌጥ አለ። ስንጥቁን በጂፕሰም ቦርድ መሸፈን ለለመደው ሰው ከባድ አይደለም። ሥራውን የሚያወሳስበው ጌጡ ስለሆነ፣ ቦርድ ከመታዘዙ በፊት የእሱ ጉዳይ መቆረጥ አለበት።

መጀመሪያ ምርመራ

በብሪታንያ እስከ 1930ዎቹ ገደማ የተለመደው አሠራር ይህ ነበር፦ ስስ የእንጨት ርብራብ ከወለል ተሸካሚ እንጨቶች ሥር በምስማር ይመታል፤ ከታች ብዙ ጊዜ የእንስሳ ፀጉር የተቦካበት የኖራ ልስን ይጫንበታል። ልስኑ በርብራቡ ክፍተት ዘልቆ ከበላይ ይታጠፍና እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ይያዛል። ያ መያዣ ከተሰበረ በኋላ ኮርኒሱ በቀለምና በወረቀት ብቻ ተንጠልጥሎ ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

መሰላል ላይ ይውጡና በየግማሽ ሜትሩ መዳፍዎን ዘርግተው ቀስ ብለው ወደ ላይ ይግፉ። ካልተነቃነቀ ስንጥቁ በስቱኮና በወረቀት ሊያልቅ ይችላል፤ ቦርድ ጨርሶ ላያስፈልግዎ ይችላል። ከፍ ብሎ ከበላዩ ፍርፋሪ ሲንኮሻኮሽ ከሰሙ መያዣው ተሰብሯል። እንዲህ ያለው ቦታ ጥቂት ከሆነ ቦርዱ ደግፎ ይይዘዋል። በጉልህ ቆዝሮ የወረደ ከሆነ ግን ከሥሩ ቦርድ መግጠም የአሮጌውን ልስን ክብደት ሁሉ በብሎኖቹ ላይ መጫን ነው፤ ይውረድ። የውሃ ምልክት ካለም ቧንቧው ወይም ጣሪያው አስቀድሞ ይጠገን።

ኮርኒሱ በማበጠሪያ የተጫረ የሚመስል ወፍራም ቅብ ካለው፣ ያ አርቴክስ የሚባለው ነው። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ አስቤስቶስ ይገባበት ነበር፤ አገሪቱም አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ የከለከለችው በ1999 ነው። አንድ ብሎን እንኳ ሳይገባበት ናሙናው በላቦራቶሪ ይመርመር።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ጌጡን ለማውረድም ሆነ ለመሸፈን የአካባቢውን ምክር ቤት ፈቃድ ይጠይቁ። ተከፋፍሎ አፓርታማ የሆነ ቤት ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ውልዎን ያንብቡ። ከላይኛው ጎረቤት የሚለይዎ ኮርኒስ የእሳትና የድምፅ መከላከያም ስለሆነ፣ እንደፈለጉ የሚቀዱትና ለመብራት የሚበሱት አይደለም።

ያሉት መንገዶች

ቀላሉ፣ ቦርዱን ከአሮጌው ኮርኒስ ሥር ገጥሞ ጌጡ ጋ ሲደርስ ማቆም ነው። የሚያምረው ግን ጌጡ ከኮርኒሱ ጋር በሚገናኝበት በኩል ቁልቁል የወጣ ጠርዝ ካለው ብቻ ነው። 12.5 ሚሊ ሜትር ቦርድና 3 ሚሊ ሜትር ስስ ልስን ሲደመሩ 15.5 ሚሊ ሜትር ይበላሉ። ጠርዙ 20 ከሆነ አራት ተኩል ይተርፋል፤ ጌጡ ትንሽ ጠበብ ይላል እንጂ አይጠፋም። ጠርዙ 10 ከሆነ ቦርዱ ከጌጡ በታች ወርዶ ዓይን የሚወጋ ደረጃ ይፈጥራል። 9.5 ሚሊ ሜትር ቦርድም ይሸጣል፤ ተሸካሚዎቹ በተራራቁበት ክፍል ግን ስለሚረግብ አልመክረውም። ቦርዱን ጌጡ ላይ አሳልፎ ግማሹን ቀብሮ ስንጥቁን በሲሊኮን የሚደፍን ሠራተኛ ሞልቷል። እንዲያ ከሚሆን ጌጡን ጠቅላላ ማውረድ ይሻላል።

ጌጡ ጥሩ ሆኖ መሃሉ ከተበላሸ እኔ የማደላው መሃሉን ብቻ ማውረድ ላይ ነው። አቧራው ያስመርራል፤ የመቶ ዓመት ጥላሸት ነው የሚወርደው። ውጤቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል፣ ምክንያቱም አዲሱ ኮርኒስ በአሮጌው ከፍታ ላይ ያርፋል። በመጀመሪያ ጌጡን ከተሸካሚዎቹ ጋር በብሎንና በሰፊ ዋሸር ይሰሩ። ከዚያ በጠርዙ ዙሪያ በሚንቀጠቀጥ መቁረጫ ልስኑንም ርብራቡንም ይቁረጡ። ርብራቡ ከጌጡ በላይ ስለሚያልፍ፣ ሳይቆረጥ ከተነቀለ ጌጡን ይዞት ይወርዳል። አሮጌው ልስንና ርብራብ አብረው 27 ሚሊ ሜትር ከሆኑ ሁለት ድርብ 12.5 ሚሊ ሜትር ቦርድና ስስ ልስን ከሞላ ጎደል ይሞሉታል፤ ድርቡ ድምፅም ይቀንሳል።

የክፍሉ ቁመት ረጅም ከሆነ ከጌጡ በታች በብረት ፍሬም አዲስ ኮርኒስ ማንጠልጠል ይቻላል። ጌጡ ከላይ ተደብቆ ይኖራል፤ ወደፊት ሌላ ባለቤት ሊያወጣው ይችላል። የመስኮቱ አናት ከአዲሱ ኮርኒስ በላይ እንዳይቀር አስቀድመው ይለኩ።

የመጨረሻው፣ ሁሉንም አውርዶ አዲስ ጌጥ መግጠም ነው። በወረቀት የተሸፈነ የጂፕሰም ጌጥ በ100 እና በ127 ሚሊ ሜትር ስፋት በየመደብሩ አለ። የፎም ጌጥ ርካሽ ነው፣ መልኩም ርካሽ ነው። የድሮውን ቅርጽ ከፈለጉ ካወረዱት ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ንጹሕ ቁራጭ ያስቀምጡ። በጆንያ ጨርቅና በስስ እንጨት የተጠናከረ ጂፕሰም የሚያፈስሱ ወርክሾፖች ከዚያ ቅርጽ አውጥተው ይሠሩልዎታል። ይህ ዘዴ ለንደን ውስጥ በፈጠራ መብት የተመዘገበው በ1856 ሲሆን ዛሬም አልተለወጠም ማለት ይቻላል።

ከአሮጌው ሥር ሲገጠም

የክፍሉን መብራት ከብሬከሩ ያጥፉ። ተሸካሚዎቹን መፈለግ የሥራው ግማሽ ነው። ከላይ ያለውን ክፍል ምንጣፍ መግለጥ ከቻሉ የወለሉ ጣውላ ምስማሮች በመስመር ያሳዩዎታል። ካልሆነ በቀጭን መሰርሰሪያ እየበሱ እንጨቱ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ያግኙ። ርቀታቸው ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በድሮ ቤት ግን እኩል ይሆናል ብለው አይመኑ፣ እያንዳንዱን ይፈልጉ። ቦርዱ ሲነሣ መስመሩ ስለሚሸፈን፣ ጌጡ ላይ የወረቀት ቴፕ ለጥፈው የእያንዳንዱን መሃል በእርሳስ ያመልክቱ። ሽቦና ቧንቧ የሚያልፍበትን በመፈለጊያ መሣሪያ አይተው በቀይ ያስምሩ።

የብሎኑ ርዝመት በሒሳብ ይወጣል፦ የቦርዱ 12.5፣ የአሮጌው ኮርኒስ 27፣ እንጨት ውስጥ የሚገባው ቢያንስ 25። ድምሩ 64.5 ስለሆነ 70 ሚሊ ሜትር ብሎን ይግዙ።

ጌጡ ቀጥ ያለ ቢመስልም አይደለም። ቦርዱን ከመቁረጥዎ በፊት ካርቶን ጠርዙ ላይ ያስጠጉና ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ጌጡን እያስከተሉ፣ እርሳሱን ከቁራጩ ጋር ይዘው ያስምሩ። የጌጡ ጉብታና ጉድጓድ ሁሉ ካርቶኑ ላይ ይወጣል። ያንን ወደ ቦርዱ ገልብጠው በከተር ይቁረጡ፤ ከጌጡ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። መሃል ላይ የመብራት ክብ ጌጥ ካለም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

2400 በ1200 የሆነ ቦርድ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ፖንቴ ላይ ሁለት ሰው ይሁኑ፣ ወይም ማንሻ ይከራዩ። ረጅሙ ጎን ተሸካሚዎቹን ያቋርጥ፤ ጫፉ ተሸካሚ እንጨት መሃል ላይ ይረፍ፤ የአንዱ ረድፍ መጋጠሚያ ከሌላው ጋር ትይዩ አይግጠም። ብሎን በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይምቱ። ራሱ ከወረቀቱ ትንሽ ይስጠም እንጂ አይቅደደው፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ያ ብሎን አይቆጠርምና አጠገቡ ሌላ ይምቱ።

መጋጠሚያዎቹን በመረብ ቴፕ ከሸፈኑ በኋላ ስስ ልስኑን ልምድ ላለው ሰው መስጠት አያሳፍርም፤ ኮርኒስ ላይ የእጅ ስህተት ሁሉ በጎን ብርሃን ይታያል። ለሠራተኛው የጌጡን ጠርዝ በቴፕ ሸፍነው ይጠብቁት። ልስኑ ሲደርቅ በጌጡና በቦርዱ መካከል ያለውን ክፍተት ቀለም በሚቀበል አክሪሊክ ይድፈኑ። ሲሊኮን ቀለም አይዝም።

ጌጡ በወፍራም ቀለም ተደፍኖ ቅርጹ ከጠፋ፣ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቁት፤ በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። እያረጠቡ በትንሽ የእንጨት ስንጥር ያጽዱ።

አዲሱ ልስን መጀመሪያ ጠቆር ያለ ሮዝ ነው። ከዳር እስከ ዳር እስኪነጣ ሳይጠብቁ ቀለም አይቀቡ። የመጀመሪያው ቅብ በውሃ የቀጠነ ይሁን፤ ከዚያ ሁለት እጅ ይደገማል። የተረፈውን የቦርድ ቁራጭ ከሌላ ቆሻሻ ጋር አይቀላቅሉ፤ በአገሪቱ ሕግ ጂፕሰም ተለይቶ ነው የሚጣለው።