የጥርስ ሕክምና መምህራንን ከምርምር የሚያዘገያቸው ምንድን ነው?

በአሜሪካዋ አውሮራ ከተማ፣ ከቻምበርስ ሮድ በስተምዕራብ ብዙም ሳይርቅ፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ ይገኛል። እስከ 1999 እ.ኤ.አ. የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የነበረው ይህ ግቢ ዛሬ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤትን ጭምር አቅፏል።

በየትኛውም አገር የጥርስ ሕክምና መምህር ሥራ ከሌላው መምህር ይለያል። ተማሪው የሚሠራው በሕያው ሰው አፍ ውስጥ ስለሆነ ብቻውን ሊተው አይችልም፤ መምህሩ ሰዓታትን ከአጠገቡ ቆሞ ያሳልፋል። የግል ክሊኒክ የተሻለ ገቢም ይስበዋል። ለምርምር የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ የደከመ ምሽት ነው።

ጊዜ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የኮሎራዶ ታሪክ ይህን ያሳያል። ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በ1901 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሲደርስ በአካባቢው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ሰሚ ያገኘው በ1909 ነው፤ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ዲን የነበሩት ጂ. ቪ. ብላክ ተባባሪው ሆኑ። በ1915 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም አብረው መረመሩ። የቆሸሸው ጥርስ መበስበስን የሚቋቋም መሆኑን ያወቁት በዚህ ወቅት ነው።

ማኬይ ውኃውን ቢጠረጥርም የተለመደው የኬሚካል ምርመራ ምንም አላሳየውም። ምስጢሩ የተፈታው በ1931 ነው፦ የአሉሚኒየም ኩባንያው አልኮዋ ኬሚስት ኤች. ቪ. ቸርችል በስፔክትሮግራፍ መርምሮ ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን አገኘ። መሣሪያው በዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በፋብሪካ ቤተ ሙከራ መገኘቱ ልብ ሊባል ይገባል። ሠላሳ ዓመት የፈጀው ጥያቄ የማኬይ ትጋት ጎድሎት አልነበረም።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች የፍሎራይድ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ይበልጣል፤ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፣ ለረጅም ዓመታት የጠጡት ደግሞ አጥንታቸው ይጎዳል። በወንጂ የስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ የታየው ጉዳት ይታወቃል። ችግሩን በሰፊው ካጠኑት መካከል ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ይጠቀሳሉ፤ ሙያቸው ግን የነርቭ ሕክምና እንጂ የጥርስ አልነበረም። በሽታው አከርካሪን ሲጫን የነርቭ ሐኪም ዘንድ ያደርሳል። የበለዘውን ጥርስ ዕለት ዕለት የሚያየው የጥርስ መምህር ግን ከታካሚዎቹ ሰልፍና ከተማሪዎቹ መካከል ቆሞ፣ የውኃውን ናሙና የሚመረምርበት ቤተ ሙከራና አብሮት የሚሠራ ኬሚስት ያስፈልገዋል።