ከ501 ወደ ታች እንቁጠር

ዛሬ ቁጥር የምንለማመደው በገበያ ዋጋ ሳይሆን በዳርት ነው። እዚህ ማርሞሬክ ስለ ስፖርት ከተወራ የሚነሣው የሃፖኤል ማርሞሬክ ኳስ ነው፤ ዳርት ግን አገሩ እንግሊዝ ነው። ትንንሽ ፍላጻ ከ2 ሜትር ከ37 ሣንቲም ርቀት፣ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለ ክብ ሰሌዳ ይወረወራል። ፍላጻ በዕብራይስጥ «ሔጽ» ነው። ግእዙም «ሐፅ» ስለሚለው ቄሶቻችን ቃሉን ለመያዝ አይቸገሩም።

የዚህ ጨዋታ ታላቅ ሰው ፊል ቴይለር ይባላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 በስቶክ ኦን ትሬንት ተወለደ። ከተማው እንደ ጎንደሯ ወለቃ በሸክላ ሥራ የታወቀ ነው፤ እሱም የሸክላ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የ5 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኤሪክ ብሪስቶው ችሎታውን አይቶ «ፋብሪካውን ተውና ይህን ብቻ ያዝ» ብሎ 10,000 ፓውንድ ሰጠው። ገንዘቡ የሚመለስ ነበር። ደመወዝ ትቶ ዕዳ መግባት ቀላል አይደለም እኮ! በ1990፣ በ29 ዓመቱ ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ማን ሆነ? ያው ብሪስቶው። 6 ለ 1 አሸነፈው። (29 ዓመት ዘግይቷል የሚል ካለ፣ በ50 ዓመታቸው ደብተር የያዙት እናቶቻችን ገና ልጅ ነው ይሉታል።) የዓለም ሻምፒዮን የሆነው 16 ጊዜ ነው፤ ከ1995 እስከ 2002 በተከታታይ 8 ጊዜ። በ2018 መጀመሪያ፣ በ57 ዓመቱ፣ በፍጻሜ ተሸንፎ ተሰናበተ። ያሸነፈው ሮብ ክሮስም ቀድሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ተጫዋቹ ከ501 እየቀነሰ ወደ ዜሮ ይወርዳል። በአንድ ተራ 3 ፍላጻ አለው። ትልቁ ነጥብ የ20 ሦስት እጥፍ ነው፦ ሻሎሽ ካፉል ኤስሪም ሻቬ ሺሺም (60)። ሦስቱም እዚያ ከገቡ ሜአ ሽሞኒም (180)። ነገር ግን ከ20 ግራና ቀኝ ያሉት 5 እና 1 ናቸው፤ እጁ ትንሽ የተዛነፈበት ሰው ይከስራል። የመጨረሻው ፍላጻ ደግሞ የግድ የቁጥር እጥፍ መትቶ ልክ ዜሮ ላይ መድረስ አለበት። ካሳለፈ ወይም 1 ካስቀረ የዚያ ተራ ነጥቡ ይሰረዛል። ስለዚህ ቆሞ ሳለ ሒሳቡን በጭንቅላቱ ካልሠራ እጅ ብቻውን አያዋጣውም።

ልምምድ፦ ጮክ ብላችሁ በሉ። ሐሜሽ ሜኦት ቬአሐት (501) ፓሖት ሜአ ሽሞኒም (180) ሻቬ ሽሎሽ ሜኦት ኤስሪም ቬአሐት (321)። እንደገና 180 ቀንሱ፤ 141 ይቀራል። ይህን በ3 ፍላጻ ለመጨረስ አንዱ መንገድ 60፣ 57 እና 24 ነው። 57 የስንት ሦስት እጥፍ ነው? 24ስ የስንት እጥፍ? መልሱን በዕብራይስጥ ጽፋችሁ ለሞራ አሳዩ።