ከሥዕል ጠረጴዛ ወደ በግ ፀጉር፦ ገጸ ባሕርይን በመርፌ መሥራት

የልጆች መጽሐፍ ሥዕል በፍሪላንስ የሚሠራ ሰው ሳይስል የሚጠብቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ንድፉ ተልኳል፣ አሳታሚው አልመለሰም። ደራሲዋ «ትንሽ ይስተካከል» ብላ ጠፍታለች። ቀብዱም አልቋል። በዚህ ክፍተት የሚሠራ የእጅ ሥራ ሞልቷል፤ ለሠዓሊ ግን ኒድል ፌልቲንግ የሚሉት፣ የበግ ፀጉር በመርፌ እየወጉ አሻንጉሊት የማበጀት ሥራ ከሁሉም ይሻላል ባይ ነኝ። የሚያስገኘው ገንዘብ ሁለተኛ ነገር ነው። በእጅ ያገላበጡትን ገጸ ባሕርይ ከጀርባም፣ ከላይም፣ ጎንበስ ብሎም መሳል ይቀላል። ስለዚህ ከራሳችሁ ሥዕል ያልወጣ አሻንጉሊት አትሥሩ። «የውሻዬን ምስል ሥሩልኝ» የሚል ትዕዛዝ ሲመጣ ማባበሉ አይቀርም፤ ጊዜያችሁን በልቶ ለሥዕሉ ምንም አይመልስም።

አሠራሩ የሚቆመው በአንድ ቀላል ነገር ላይ ነው። የበግ ፀጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። የፌልት መርፌ ደግሞ ጫፉ አካባቢ ወደ ታች የሚመለከቱ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። መርፌው ሲገባ ፀጉሩን ይዞ ይገባል፣ ሲወጣ ትቶት ይወጣል፤ በተወጋ ቁጥር ፀጉሩ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ ይጠብቃል። መርፌው ከፋብሪካ ማሽን የተወሰደ ነው፤ በእጅ ይዞ ቅርጻ ቅርጽ መሥራት የተለመደው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ነው።

ለምሳሌ ጭላዳን መርጫለሁ። መንዝ ጓሳ ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ የሚውለው ዝንጀሮ መልኩ ከሩቅ ይለያል፤ ለጎፈሩ የሚሆነው ፀጉርም እዚያው መንዝ በጎች ላይ ነው።

መጀመሪያ ንድፉ

አሻንጉሊቱን በሚወጣበት ትክክለኛ መጠን፣ 12 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ፣ ከፊት፣ ከጎንና ከጀርባ በአንድ ወረቀት ላይ ሳሉት። ወረቀት ላይ ማታለል ይቻላል፤ ጆሮው በሁሉም ገጽ እኛ በፈለግነው በኩል ይታያል፣ አንገቱ ባይኖርም ማንም አይጠይቅም። ፀጉሩ ግን ይጠይቃል። ብዙ ሠዓሊዎች የገዛ ገጸ ባሕርያቸው ማጅራት ምን እንደሚመስል የሚያውቁት ገና እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው።

ከዚያ ቀንሱ። ገጸ ባሕርዩን ከሌላው የሚለዩትን ሁለት ነገሮች ምረጡ፤ ለጭላዳ ጎፈሩና ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ሰሌዳ ናቸው። የእጅ ጣት በዚህ መጠን ሲሠራ ይከሳል፣ ይላላል፣ መጨረሻም ይወልቃል፤ መዳፉን አንድ ላይ ድፍን አድርጉት። ተቀምጦ ይሠራ፤ ጭላዳ ሲግጥ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ስለሆነ አቀማመጡ እውነተኛ ነው፣ መደርደሪያ ላይም አይወድቅም።

ፀጉሩ

ሁለት ዓይነት ያስፈልጋል፤ ለውስጥና ለላይ። ለውስጡ የመንዝ በግ ፀጉር ይበቃል፤ ሻካራ መሆኑ አይጎዳውም። ጭዱንና አሜከላውን በእጅ ልቀሙ። 60 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውኃ ላይ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና ፀጉሩን ወደ ውስጥ ተጭናችሁ ለሩብ ሰዓት ተዉት። አትሹት፣ አታማስሉት፤ ሙቀትና ማሸት ሲገናኙ ገንዳው ውስጥ ያለው በሙሉ አንድ ድፍን ነገር ይሆናል። ውኃው ሳይቀዘቅዝ አውጡት፣ አለዚያ የለቀቀው ቅባት ተመልሶ ይይዛል። በተመሳሳይ ሙቀት ባለው ውኃ አለቅልቃችሁ ጥላ ውስጥ አስጡት። ሲደርቅ በሁለት የውሻ ማበጠሪያ ብሩሾች መካከል እያስገባችሁ አባዝቱት። ረዘም ያሉትን ጥቁርና ቡናማ ነዶዎች ግን ሳታባዝቱ ለጎፈሩ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ለላይኛው የተቀለመ ፀጉር ከውጭ ማስመጣት ግድ ይሆናል። ብዙ ሰው ለስላሳ ነው ብሎ ሜሪኖ የሚባለውን የበግ ፀጉር ያዝዛል። ለሻርፕ ጥሩ ነው፤ ለአሻንጉሊት ቶሎ አይጠብቅም፣ የመርፌውንም ቀዳዳ ያሳያል። ኮሪዴል የሚባለው ወፈር ስለሚል ይሻላል። በገመድ መልክ ተበጥሮ የሚሸጠውን ትታችሁ የተባዘተውን እዘዙ፤ ፀጉሩ በየአቅጣጫው ስለተበተነ ፈጥኖ ይያያዛል። ጥጥ አይሆንም፤ ቅርፊት የለውምና የፈለጋችሁትን ያህል ብትወጉት እንደሚፈለገው አይጠነክርም።

መርፌው

የልብስ መርፌ ጥርስ ስለሌለው አይሠራም። የፌልት መርፌ በቁጥር ይታወቃል፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። 36 ለጅምሩ፣ 38 ለአብዛኛው ሥራ፣ 40 ለፊትና ለማለስለሻ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ 20 መርፌ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝም፤ ይሰበራልና ሁለትና ሦስት ብቻ አታስመጡ።

የሚሰበረው በአያያዝ ነው። በገባበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት፤ ውስጥ ሆኖ ከተጠመዘዘ ጫፉ ይቀራል። ጫፉ ከቀረ በማግኔት ፈልጉት፤ ካላገኛችሁት ያ አሻንጉሊት ለማንም አይሰጥም፣ አይሸጥም። ከሥር የሚነጠፈው ወፍራም ስፖንጅ ወይም ሩዝ የሞላ ትንሽ የጆንያ ከረጢት ነው። ሩዙን እኔ እመርጠዋለሁ፤ ስፖንጅ ይበላል፣ ፍርፋሪውም ከአሻንጉሊቱ ጋር ይጣበቃል።

አካሉ

ከተባዘተው ፀጉር መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ቁራጭ ውሰዱና ከአንድ ጫፍ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። ጥቅልሉ ከላላ፣ በኋላ በመርፌ ለመካስ ሰዓታት ይፈጃል። በ36 መርፌ እስከ መሐል ድረስ እየወጋችሁ አዙሩት፤ አንድ ቦታ ከቆማችሁ በዚያ በኩል ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ከከረጢቱም ጋር ይሰፋል። ቅርጹ ሲያዝ ወደ 38 ተሻገሩና ውጊያውን አሳጥሩ። ሁልጊዜ ከንድፉ አነስ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ መጨመር ቀላል ነው፣ መቀነስ ግን የለም።

ጭንቅላቱን ለብቻ ሥሩና ከአንገቱ በኩል ያልተወጋ ፀጉር አንጠልጥላችሁ ተዉለት፤ የሚጋጠመው በዚያ ነው። እጆቹ እንዲታጠፉ ከተፈለገ በ1 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ላይ ፀጉር ጠምጥሙ። ይብቃው አይብቃው የሚታወቀው በሁለት ጣት ሲጫኑት ነው፤ ከሰረጎደ ገና ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚያቆመው ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ገበያ ላይ የምናየው ፀጉሩ የሚበተን አሻንጉሊትም ከዚያ ይመጣል።

ፊቱ

ከጠቅላላው ሰዓት ግማሹን ለፊቱ ብትሰጡት አልበዛበትም። ዓይን ከመትከላችሁ በፊት ጉድጓዱን በ38 መርፌ አንድ ቦታ ደጋግማችሁ በመውጋት አውጡ። ከቅንድቡ በላይና አፍንጫው ላይ ቁንጥር ፀጉር እየጨመራችሁ አሳብጡ። የጭላዳ አፍንጫ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው፣ ላይኛው ከንፈሩም ወፍራም፤ ከጎን የሳላችሁት ንድፍ የሚጠቅመው አሁን ነው።

ለዓይን ጥቁር የመስተዋት ጨሌ ተጠቀሙ። ወዲያው አትስፉት። ሁለቱን ጨሌዎች በስፒል ሰክታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱና ተመልከቱ፤ አንዱን በ1 ሚሊ ሜትር አንቀሳቅሱና እንደገና አንሱ። በዚያች ሚሊ ሜትር ተንኮለኛው ጅል፣ ጅሉ ደግሞ አዛውንት ይሆናል። ስታምኑበት በጠንካራ ክር ከጭንቅላቱ ጀርባ ጎትታችሁ ስፉት፣ ቋጠሮውንም ጎፈሩ ሥር ደብቁት።

ጨሌ ብቻውን የደነገጠ ዓይን ነው። የዓይን ቆብ ያስፈልገዋል። ከክር ያልወፈረ ፀጉር በጣታችሁ አሽታችሁ በጨሌው የላይኛው ሦስተኛ ላይ አጋድሙና ሁለቱን ጫፎች ብቻ በ40 መርፌ ያዟቸው። ጭላዳ ሲቆጣ የዓይኑን ቆብ ገልጦ ፈዛዛውን ቀለም ያሳያል፤ ስለዚህ ለዓይኑ ቆብ ከፊቱ ቆዳ ነጣ ያለ ቀለም ስጡት። የውጪው ጫፍ ዝቅ ካለ ተካዥ፣ የውስጠኛው ዝቅ ካለ ነገረኛ ይሆናል።

ደረቱና ጎፈሩ

ቀዩን የደረት ሰሌዳ በ40 መርፌ መጀመሪያ ዙሪያውን በቀጭን መስመር ያዙ፣ ከዚያ ውስጡን ሙሉ። ከመሐል ከጀመራችሁ ጠርዙ ይሸሻል። ሰሌዳው መሐሉ ላይ ጠበብ ይበል።

ጎፈሩ ሣር ቤት እንደሚከደነው ከታች ወደ ላይ ነው። 6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ነዶ በቁመቱ ጀርባው ላይ አስተኙ፣ መሐሉን በአግድም መስመር ውጉ፣ ከዚያ ላይኛውን ግማሽ ወደ ታች አጥፋችሁ ሥሩን ድገሙ። ቀጣዩ ረድፍ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያለፈውን ስፌት ይሸፍናል። ትከሻው ላይ ስትደርሱ ነዶውን አወፍሩት። በመጨረሻ መቀሱን አጋድማችሁ ጫፍ ጫፉን ብቻ ቁረጡ፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጎፈር የተላጨ ያስመስለዋል።

ጠረጴዛውና እጁ

ፀጉርና የውኃ ቀለም በአንድ ጠረጴዛ አይኖሩም። አንዲት ዘለላ እርጥብ ሥዕል ላይ ካረፈች ስትነሳ ቀለሙን ይዛ ትነሳለች፣ ስካነር መስተዋት ላይ ካረፈች ደግሞ በየገጹ ጥቁር መስመር ትሆናለች። ሌላ ጠረጴዛ ከሌለ ቢያንስ ትልቅ ሳህን ላይ ሥሩ፣ ሹራብም ቀይሩ።

ከፀጉሩ የሚብሰው የእጅ አንጓ ነው። የምትወጉበት እጅ የምትስሉበት እጅ ነውና ጠዋት ሳሉ፣ ከሰዓት በኋላ ውጉ፣ በየግማሽ ሰዓቱም እረፉ። ማስረከቢያ በደረሰበት ሳምንት መርፌውን ጭራሽ አትንኩ። ለያዣው እጅ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት የቆዳ መከላከያ አድርጉ።

አሻንጉሊቱ ሲያልቅ ከመሸጡ በፊት ወደ ሥዕሉ ይመለስ። አንድ መብራት በጎኑ አብሩና ከታች፣ ከላይ፣ ከኋላ ፎቶ አንሱት። «ጥላው ወዴት ይወድቃል?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ይመለሳል። የፀጉሩን ጭረት ሁሉ ግን አትገልብጡ፤ ከአሻንጉሊቱ የምትወስዱት ቅርጹንና ጥላውን ነው።

ውሉና ዋጋው

ገጸ ባሕርዩ የማን ነው? የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በትዕዛዝ ለተሠራ ሥራ፣ በውል የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለመብት የሚያደርገው ያዘዘውን ወገን ነው። የሣላችሁትን ጭላዳ አሻንጉሊት አድርጋችሁ ስትሸጡ አሳታሚው «የኔ ነው» ቢል ሕጉ ከእሱ ጋር ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ሥዕሉን ከመጀመራችሁ በፊት በውሉ ላይ «ገጸ ባሕርዩን በአሻንጉሊትነት የመሥራትና የመሸጥ መብት የሠዓሊው ነው» የሚል አንድ መስመር አስገቡ። በዚያ ሰዓት ማንም አይከለክላችሁም፤ መጽሐፉ ከታወቀ በኋላ ግን ድርድሩ ሌላ ነው። እንግሊዛዊቷ ሠዓሊና ደራሲ ቢያትሪክስ ፖተር የጥንቸሉ የፒተር መጽሐፍ በ1902 (እ.ኤ.አ.) በወጣ በዓመቱ አሻንጉሊቱን ራሷ ሠርታ በለንደን የፓተንት ቢሮ አስመዝግባለች። ነጋዴው ሳይቀድማት ቀደመችው።

ለዋጋ፣ አንድ ገጽ ሥዕል በሰዓት ስንት እንደሚያስገባላችሁ አስሉ። በዚህ መጠን ያለ አሻንጉሊት ለሠለጠነ እጅም ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል። እንበልና ሥዕሉ በሰዓት 300 ብር ካስገባ የ10 ሰዓት ጭላዳ ፀጉሩና መርፌው ሳይታሰብ 3,000 ብር ነው። «ለአሻንጉሊት!» የሚል ይኖራል፤ ይሂድ። ዋጋውን ከመቁረጥ ቁጥሩን መቀነስ ይሻላል፤ ለአንድ መጽሐፍ ጥቂት አሻንጉሊቶችን ቁጥር ሰጥታችሁ፣ ከአንድ ዋና ንድፍ ጋር አጣምራችሁ ሽጡ።

ለማን እንደሚሸጥም ተጠንቀቁ። ጨሌው ሊነቀል፣ ሽቦው ሊወጣ ስለሚችል ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም፤ ይህን ካርዱ ላይ ጻፉ። ወደ ውጭ የምትልኩ ወይም እዚያው የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በአሻንጉሊት ላይ የሲኢ (CE) ምልክት ይጠይቃል፤ አሜሪካም ለ12 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ አሻንጉሊት በላብራቶሪ እንዲፈተሽ ታዛለች። «ለማስጌጫ ብቻ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አያድንም፤ ዕቃው የልጅ መጫወቻ መስሎ ከቀረበ እንደ መጫወቻ ይቆጠራል።

የቀረው ብል ነው። የመንዙን ፀጉር ካጠባችሁ በኋላም በሚዘጋ ፕላስቲክ አድርጋችሁ ለጥቂት ቀናት ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። የተሠራውን አሻንጉሊትም ሳጥን ውስጥ ዘግታችሁ አትርሱት፤ ብል የሚወደው ጨለማና ያልተነካ ቦታ ነው። ለገዢው የምትሰጡት ካርድ ሦስት ነገር ይበል፦ በውኃ አይነከር፣ አቧራው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፣ ፀጉሩ ከላላ ወደ ሠሪው ይመለስ።