ስለ አሸንዳ በዓል ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

አሸንዳ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል በትግራይ አገር የፍልሰታ ጾም በተፈታበት ቀን፥ ነሐሴ 16 ይዠምራል። ስሙን ያገኘው ልጃገረዶች በወገባቸው ከሚታጠቁት ረዥምና ለምለም ሣር ነው። ሣሩም የክረምት በረከት ስለ ሆነ በዓሉን ወደ ሌላ ወራት እናዛውረው ቢሉት አይሆንም።

ልጃገረዲቱ ጠጕሯን ተሠርታ፥ ዓይኗን ተኵላ፥ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፥ ከባልንጀሮቿ ጋራ ከበሮ ይዛ አስቀድማ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ከዚያም ከቤት ወደ ቤት ትሄዳለች። አንዲቱ ታወጣለች፥ ሌሎቹ እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። ግጥሙ የቤቱን ጌታና እመቤት ያመሰግናል፤ እጁን የሰበሰበውን ሰው ግን በቀልድ ይነካዋል። በነዚህ ቀኖች ልጅቱን ውሃ ቅጂ፥ እንጨት ልቀሚ የሚላት የለም። ዓመቱን ሙሉ በእንስራና በወፍጮ ለምትደክም ልጅ ይህ ታላቅ ነገር ነው። እኔም በቆሎ ተማሪነቴ ጊዜ አኩፋዳዬን ይዤ ከአንድ ደጅ ቆሜ ሳለሁ የአሸንዳ ልጆች ደረሱ፤ እመቤቲቱም ለነርሱ ስትሰጥ እኔን ረሳችኝ። ያን ቀን ተቈጥቼ ነበር፤ ዛሬ ግን እፈርድላታለሁ።

ስለ በዓሉ አነሣሥ አባቶች የሚነግሩን አንድ አይደለም። አንዳንዶቹ እመቤታችን ባረገች ጊዜ መላእክት በዝማሬ እንደ ሸኟት ለማሰብ ነው ይላሉ። ሌሎቹ የኖኅ ርግብ ያመጣችውን ለምለም ቅጠል ይጠቅሳሉ። ከዮፍታሔ ልጅ ጋራ የሚያያይዙትም አሉ፤ ነገር ግን መጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 11 የሚናገረው የእስራኤል ቈነጃጅት በየዓመቱ አራት ቀን እንዳለቀሱላት ነው፥ አሸንዳ ደግሞ የደስታ በዓል ነው። ስለዚህ መምህሩ ሦስቱንም እንደ ተነገሩ ይንገር እንጂ አንዱን ብቻ እውነት ነው ብሎ አያጽና።

በዓሉ በትግራይ ብቻ የሚከበር አይደለም። በዋግ ሻደይ፥ በላስታ አሸንድዬ፥ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል፤ በአክሱምም ዓይኒ ዋሪ የሚሉት አለ። እጅግ ሩቅ በሆነው በሂማላያ ተራራ አገር በኔፓልም፥ ቲሃር በሚባለው የአምስት ቀን የመብራት በዓል፥ ሴቶች ልጆች ባይሎ የሚባለውን ዜማ እያዜሙ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ቤቱን ይመርቃሉ፥ ሩዝና ዳቦ ገንዘብም ይቀበላሉ። የወንዶቹ ዜማ ዴውሲ ይባላል፥ እንደ እኛ ሆያ ሆዬ መሆኑ ነው። ያ ሕዝብ ሃይማኖቱም ቋንቋውም ከእኛ የተለየ ሲሆን፥ ልጆቹ በጎረቤት ደጅ ቆመው መመረቃቸው ግን አንድ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበን ነገር እንመለስ። አሸንዳን ታናሿ ከታላቋ ኋላ ተከትላ በጆሮዋ ትማረዋለች እንጂ መጽሐፍ የለውም። ጦርነቱ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ተነሥቶ የሰላሙ ስምምነት በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪፈረም ድረስ ሁለት ነሐሴ ዐለፈ፤ በዓሉም እንደ ልማዱ አልተከበረም። በመጀመሪያው ዓመት ስምንት ዓመቷ የነበረው ልጅ የምትከተላት ታላቅ አጣች። ከዚያ ወዲህ በመቀሌ፥ ስሙን ከሰማዕታት ሐውልት ባገኘው በሓወልቲ ሰፈርም ሆነ በሌላው፥ ልጆቹ ከበሮ ይዘው መውጣታቸው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በመድረክና በድምፅ ማጉያ የሚሰማው የታወቁ ዘፋኞች ዜማ በዝቶ፥ በየደጁ ለባለቤቱ እየታሰበ የሚገጠመው ግጥም እያነሰ ሄዷል። ዘፈኑን አልነቅፍም፤ የጎረቤቱን ስም ግን አያውቅም።

በዓሉ የሚውለው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት ስለ ሆነ መምህሩ ሥራውን በሰኔ ይዠምር። እያንዳንዱ ተማሪ ወደ አያቱ ወይም ወደ ሌላ አሮጊት ሄዶ፥ በልጅነታቸው ያወጡት የነበረውን ግጥም ይጠይቅ፥ ቃሉንም እንደ ሰማው ይጻፍ። ትግርኛው በትግርኛ፥ የዋግ ኽምጣንኛም በኽምጣንኛ ይጻፍ፤ ጥንታዊ ቃል ቢያጋጥመው መምህሩ አያቃናው፥ ትርጓሜውን ከግርጌ ያኑር እንጂ። ከግጥሙም በላይ የመንደሩ ስም፥ አውጪዋ ማን እንደ ነበረች፥ ተቀባዮቹም ምን ብለው እንደሚመልሱ ይጻፍ። የአገር ሽማግሌዎችም በነሐሴ ልጆቹ ወደ ደጃቸው ሲመጡ ቶሎ ሰጥተው አያሰናብቷቸው፥ ግጥሙን እስኪጨርሱ ድረስ ያቁሟቸው። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጃገረዶቹ ያዜሙትን ከተጻፈው ጋራ ያስተያዩት፤ የጐደለውንም ይዘው ወደዚያችው አሮጊት ይመለሱ።