በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ከተሞች በጸደይ ስለሚተከል የጓሮ አትክልትና አበባ

ጸደይ የሚባለው ወራት መቼ እንደ ሆነ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ዘመነ ጸደይ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለው ነው፤ ዛሬ ግን ብዙ ሰው አደይ አበባ የሚፈካበትን መስከረምንና ጥቅምትን ጸደይ እያለ ይጠራል። ነገሩ የስም ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጠቀስነውም ነበር። ዳሩ ግን በመንዝና በግሼ ደጋ ድንቹንና ጎመኑን በመስከረም የሚተክል ሰው፣ ውርጭ ሊወርድ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው መትከሉ ነው። በበልግ ዝናም መግቢያ፣ በቀድሞው ጸደይ ደጃፍ የሚተክል ግን ጽኑ ውርጭ የማይፈራበት ከስድስት ወር የማያንስ ጊዜ ከፊቱ ያገኛል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ስለዚሁ ስለ በልጉ ተከላ ነው።

በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌና በራቤል ከተማ ከሚኖረው ሰው እርሻ የሌለው ብዙ ነው፤ ያለው ከቤቱ ጀርባ አሥር ክንድ በአሥራ አምስት ክንድ የምትሆን ጓሮ ናት። ሐምሌና ነሐሴ የመኸሩ ገብስ ገና በእርሻ ላይ ያለበት፣ በልግም በከዳበት ዓመት ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ወራት ነው፤ በዚያ ላይ ክረምቱ መንገዱን ሲያበላሸው ከሩቅ የሚመጣው አትክልት ዋጋው ይወጣል። በመጋቢት የተተከለ ድንች የሚቆፈረው ልክ በዚህ ጊዜ ነው፤ ጎመኑም ለፍልሰታ ጾም ይደርሳል። እንግዲህ ችግኝ ያለ ጊዜው የታደለ እንደ ሆነ ወይም ዘሩ ዘግይቶ የመጣ እንደ ሆነ፣ ጉዳቱ በነሐሴ በባለጓሮው ምድጃ ላይ ይታያል። የወረዳ ሹም ይህን ቀን የመወሰን ሥልጣን በእጁ ስላለ ነው ጽሑፉ ለሹማምንት መላኩ።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በልጅነቱ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለ የአትክልት ትምህርት የተማረው ካውሮፓ ከመጣ መጽሐፍ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ጸደይ ማለት በረዶው የሚቀልጥበት፣ ቀኑም ከሌሊቱ እየረዘመ የሚሄድበት ጊዜ ነው። በኛ አገር ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ ስለዚህ በጓሯችን ተክሉን የሚያዙት ሁለት ነገሮች፣ የዝናሙ መምጣትና የሌሊቱ ብርድ ናቸው። ብርዱ ደግሞ ከፍታን ይከተላል። ወደ ላይ 1,000 ሜትር በተወጣ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ግን በጀማ ሸለቆ በኩል እጅግ ዝቅ ብላ ተቀምጣለች። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ዞን ቢተዳደሩም የአትክልታቸው ዘመን አንድ አይደለም።

ከጓሮውም ውስጥ ሥፍራ መምረጥ ያስፈልጋል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ በረባዳ ሥፍራም ይተኛል። ጓሮው ተዳፋት ሆኖ በታች በኩል ያለው ካብ ክፍተት የሌለው እንደ ሆነ፣ ብርዱ እንደ ኩሬ በካቡ ሥር ይቆምና ተክሉን ያቃጥለዋል። በታችኛው ካብ ላይ አንድ ክንድ የሚሆን ቀዳዳ መተው ይህን ያስቀራል፤ በግና ዶሮ እንዳይገባበት በእሾህ ይከለላል። ከላይና ከነፋስ በኩል ያለው ካብ ግን ጠንካራ ይሁን። ጥቁሩ የመንዝ ድንጋይ ቀን የጠጣውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ጥቂት በጥቂት ይለቃልና፣ ብርድ የሚፈራው ተክል ከካቡ አንድ ክንድ ርቆ መተከል አለበት። ባሕር ዛፍ በአጠገቡ ያለ እንደ ሆነ ሥሩ ውሃውን ሁሉ ስለሚሻማ፣ በዛፉና በመደቡ መካከል ጉልበት የሚደርስ ቦይ ቆፍሮ ሥሩን መቁረጥ ይገባል፤ ከዓመት በኋላም እንደ ገና መቆረጥ አለበት።

ከሁሉ የከፋው ችግር የፍግ ነገር ነው። በደጋው እንጨት ስለማይበቃ የላሙ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። ሴትዮዋን እበቱን ለመሬቱ ተዪው ማለት ሽሮውን ሳታበስል ተቀመጪ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲወጣ ሰምተናል፣ የተፈጸመበትን ቤት ግን አላየንም። ይልቁንስ ከኩበት የሚተርፈውን መፈለግ ይሻላል። ለኩበት የሚመቸው የላም እበት ሲሆን፣ የመንዝ በግ በሚያድርበት ጉረኖ የሚከማቸው በጠጥና ከሥሩ ያለው ጥቁር አፈር ለጓሮ እጅግ መልካም ነው። የዶሮ ኩስ ኀይለኛ ስለ ሆነ ከአፈር ጋር ተደባልቆ ሁለት ወር መቆየት አለበት። ገለባ፣ የአረም ቅጠል፣ የወጥ ቤት ጥራጊና ጥቂት የበግ በጠጥ በአንድ ጉድጓድ ተደርቦና ውሃ እየጠጣ ቢከርም ፍግ ይሆናል፤ በደጋው ብርድ ግን ለመበስበስ ብዙ ወር ስለሚፈጅ፣ ለመጋቢት የሚፈለገው ጉድጓድ ባለፈው ሐምሌ መሞላት ነበረበት። አመድም ለጎመንና ለሽንኩርት ይረዳል። በድንች መደብ ላይ ግን አይጨመር፤ ቆዳውን ቅርፊታም ያደርገዋል።

ስለ ድንች ጥቂት ሰፋ አድርገን እንናገራለን። ድንችን በ1851 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ያገባው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ነው፤ በደጋው የሚበቅለውም ጦስኝ በሳይንስ ስሙ የዚሁን ሰው ስም ይዟል። ተክሉ ብርድ አገርን ይወዳል፤ ውርጭን ግን አይችልም። ሌላው ጠላቱ በክረምት የሚመጣው በሽታ ነው። ዝናሙና ጉሙ ሳያቋርጥ ሲቀር የቅጠሉ ጠርዝ ይጠቁራል፤ በማለዳ ከቅጠሉ በታች ነጭ ሻጋታ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ማሳው ሁሉ እንደ ተቀቀለ ሆኖ ይወድቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 የአየርላንድን ሕዝብ ወደ ጽኑ ረኀብ የጣለው ይኸው በሽታ ነበር። በሰኔ የተተከለ ድንች ገና ለጋ ሳለ በዚህ በሽታ እጅ ይወድቃል፤ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት የተተከለው ግን ዝናሙ ሲበረታ ፍሬውን ጨርሶ ይገኛል። በልግ የሚተክሉ ገበሬዎች ይህን ከቆዩበት ልምድ ያውቁታል፤ ከተሜው ግን ብዙ ጊዜ የሚተክለው ጎረቤቱ ገብስ ሲዘራ አይቶ በሰኔ ነው።

ዘር ድንቹ የእንቁላል መጠን ያለው፣ ቡቃያውም አጭርና ወፍራም ይሁን። በጨለማ የተቀመጠ ድንች ቡቃያው ነጭ ሆኖ ይረዝማል፣ ሲነኩትም ይሰበራል። ከተቻለ በሽታውን የሚቋቋሙትን ጉደኔንና በለጠን የመሰሉ በሆለታ የምርምር ጣቢያ የተለቀቁ ዘሮች መፈለግ ይሻላል። መሬቱ በጥር ሁለት ጊዜ በዶማ ተገልብጦ ይክረም፤ የበልጉ ዝናም አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ባራሰው ጊዜ ይተከላል። በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በእግርና በእግር መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይተው። በዚህ ልክ 3 ሜትር በ6 ሜትር የሆነች መደብ 80 እግር ትይዛለች፤ ከአንዱ እግር ግማሽ ኪሎ ብቻ ቢገኝ 40 ኪሎ ነው። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲሆን ይኮተኮትና አፈር ይታቀፋል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ይደገማል። አፈር ያልታቀፈው ድንች ፀሐይ እያየው አረንጓዴ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ለዘር እንጂ ለምግብ ማዋል አይገባም፤ መርዝ አለበት።

የጎመኑ ነገር ይቀላል። ያገራችን ጎመን ብርዱን ስለሚችል በጓሮ ጥግ ተዘርቶ ቅጠሉ እየተቀነጠበ ለብዙ ወር ይበላል። ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥርና ካሮት ግን ሌላ ጠባይ አላቸው፤ ችግኙ ከጠነከረ በኋላ የሳምንታት ብርድ ያገኘው እንደ ሆነ፣ ክረምት ያለፈበት መስሎት ፍሬውን ትቶ ወደ አበባ ይወጣል። በመስከረም ዘርተው በጥር አበባ ብቻ ያገኙ ሰዎች ዘሩ መጥፎ ነበር እያሉ ነጋዴውን ሲያሙ ይሰማል፤ ጥፋቱ ግን የወራቱ ነው። የጥቅል ጎመን ዘር በየካቲት አጋማሽ በካብ ሥር በምትገኝ የችግኝ መደብ ይዘራና፣ ማታ ማታ በገለባ ወይም በጆንያ ይሸፈናል፤ አምስትና ስድስት ቅጠል ሲያወጣ ይዛወራል። ቀይ ሥርና ካሮት እዚያው በሚያድጉበት መደብ ይዘራሉ። ካሮት ከተዛወረ ሥሩ ይጣመማል። ነጭ ሽንኩርት እስከ ሰኔ ይቆይ፤ ፍልቃቂው ያን ጊዜ ይተከላል።

በመርሐቤቴ በኩል፣ በዓለም ከተማ፣ ውርጭ እንደ መንዝ አያስፈራም። እዚያ ቲማቲምና ቃሪያ ይሆናሉ፤ የሚያስቸግረው ሙቀቱና የውሃው እጥረት ነው። ስለዚህ ለመንዝ የተጻፈ ቀን ለመርሐቤቴ አይሠራም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ የሆነውን ይህ ጸሐፊ በዓይኑ አይቷል። ለከተማውም ለገጠሩም ደጋም ቆላም ሳይለይ አንድ የችግኝ ቀን ተቈረጠ። የጥቅል ጎመኑ ችግኝ ሥሩ ተራቁቶ በመኪና መጣ፤ ንግግሩ ረዘመና እደላው በቀትር ሆነ፤ ዝናም ከዘጠኝ ቀን በፊት ቆሞ ነበር። በሳምንቱ በየጓሮው ሲዞር ያየው ደረቅ አገዳ ነው። ለበላይ በተጻፈው ወረቀት ግን ይህን ያህል ሺህ ችግኝ ታደለ ተባለ፤ ቃሉ ሐሰት አልነበረም። አንዲት አሮጊት፣ «ልጄ፣ ለእኔ ዘሩን ቢሰጡኝ ቀኑን እኔ ባወቅሁት» አሉት። ከዚያ ወዲህ ይህ ጸሐፊ ስለ ችግኝ የሚመጣ ወረቀት ሲያነብ፣ ከተተከለ ከአርባ ቀን በኋላ ቆሞ የተገኘው ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ዘሩ በጥር ለየቤቱ ቢደርስ፣ ወይም በየቀበሌው ችግኝ የሚያፈላ አንድ ሰው ቢመረጥና ሰዉ ዝናም በጣለ ማግስት በማታ ሄዶ ከነአፈሩ ቢወስድ፣ ወጪው ያንሳል፤ የሚተርፈውም ይበዛል።

ስለ አበባ ብዙ አንናገርም፤ ጓሮዋ ጠባብ ናትና ድንቹን አስለቅቆ አበባ መትከል አይቻልም። ነገር ግን በደጃፉ መንገድ ግራና ቀኝ፣ በካቡም ሥር ሥፍራ አይጠፋም። የጽጌረዳ ቁራጭ እርሳስ የሚያህለው ተመርጦ ሰኔ ሲገባ ይተከላል። ጤና አዳምና ጦስኝ መዓዛም ጥቅምም አላቸው፤ ንብም ጦስኙን ይወደዋል። በጓሳ ሜዳ እንደ ችቦ ቀልተው የሚቆሙትን አበቦችና ጅብራን እየነቀሉ ወደ ከተማ ማምጣት ግን አይገባም፤ ጓሳ የመንዝ ሰው ከጥንት ጀምሮ በሥርዓት የጠበቀው ሥፍራ ነው፤ ጅብራም ቢሆን ተዛውሮ አይጸድቅም። ሹሙ በግቢው ያልነቀለ እንደ ሆነ ሌላውን ለመከልከል አፍ ይኖረዋል።

በልጉ ካቆመ በኋላ በግንቦት የሚመጣው ደረቅ ወራት ተከላውን ሁሉ ይፈትናል። ያን ጊዜ በየእግሩ ሥር ገለባ ማልበስና በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ማታ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ሳሙና ያልበዛበት የዕቃ እጣቢም ይሆናል። ችግኙን ከሥሩ የሚቆርጥ ትል በሌሊት ይመጣል፤ በማለዳ የተቆረጠው ተክል አጠገብ አፈሩን በጣት ቢጭሩት ትሉ ተጠቅልሎ ይገኛል። ክሽክሽ በጎመኑ ቅጠል ላይ ሲታይ ቅጠሉ ቶሎ ተቀንጥቦ ይቀበር።

ድንቹ በሐምሌ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ይደርሳል። በሽታ የታየበት እንደ ሆነ አገዳው ወዲያው ታጭዶ ከጓሮው ይውጣ፤ ፍሬው ግን ቆዳው እስኪጠና ድረስ ሁለት ሳምንት በመሬት ውስጥ ይቆይና ዝናም ባባራበት ቀን ይቆፈራል። ለከርሞ የሚሆነው ዘር ከጤነኛውና ብዙ ከያዘው እግር አስቀድሞ ይለያል፤ ከሚበላው ጋር ተደባልቆ ከቀረ ትልቅ ትልቁ ተበልቶ ለዘር የሚተርፈው ደቃቁ ነው። ዘሩ ፀሐይ ሳያገኘው ብርሃን በሚደርስበት፣ ነፋስም በሚያልፍበት ቆጥ ላይ በአንድ ረድፍ ይዘርጋ፤ በየሳምንቱ የበሰበሰው እየተለቀመ ይጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ውርጩ በጣሪያው በኩል እንዳይደርስበት በገለባ ይሸፈንና ጥዋት ይገለጣል።