ማሳሰቢያ፦ በአንጎል ሞገድ ሥልጠና የኦፒዮይድ ሱስን ለማከም ለምታስቡ ቤተሰቦች

ይህ ማሳሰቢያ በአሜሪካ ለምትኖሩና የቤታችሁ ሰው በፌንታኒል፣ በሄሮይን ወይም በሌላ የኦፒዮይድ ሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱስ ለተያዘባችሁ ወገኖች ነው። ኒውሮፊድባክ ለተባለው የአንጎል ሞገድ ሥልጠና ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት።

ሥልጠናውን አትፍሩት። ራስ ቅል ላይ የሚለጠፉት ኤሌክትሮዶች የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ ያነባሉ እንጂ ወደ ውስጥ ምንም አይልኩም። ሞገዱ ወደተፈለገው መስመር ሲገባ ስክሪኑ ላይ ያለው ፊልም ይቀጥላል፣ ሲወጣ ይደበዝዛል፤ አንጎል በዚህ እየተመራ ይለማመዳል። በ1989 ፔኒስተንና ኩልኮስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በጥቂት የአልኮል ሱሰኞች ላይ ሞክረውት ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አሳትመዋል። በኦፒዮይድ ሱስ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን ትንንሽ ናቸው፤ ብቻውን ያድናል የሚላችሁን አትመኑ።

ለኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና የሚሰጡትን ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የጀመረን ሰው በምንም ምክንያት አታስቁሙ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። «ሱስን በሱስ መተካት ነው» የሚለው ወሬ በማኅበረሰባችን ውስጥ ሥር ሰድዷል፤ ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባቸው በ2005 ነው፤ የሞት አደጋን በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱም ተረጋግጧል። መድኃኒቱን አቋርጦ ጥቂት ሳምንት የቆየ ሰው ሰውነቱ የቀድሞውን የዕፅ መጠን መሸከም አይችልም። አገርሽቶበት ያንኑ መጠን ከወሰደ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል፤ ፌንታኒል ደግሞ ከሄሮይን 50 እጥፍ ያህል ይበረታል። ስለዚህ ሥልጠናው ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ፋንታ አይሁን። ለጸበልም እንዲሁ ነው፤ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ አባቶች አስተምረውን የለም?

አሠልጣኙ የሙያ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ። የሱስ ሐኪሙ ስለ ሥልጠናው ይወቅ። የሚጥል በሽታ ካለ አትደብቁ። የሥልጠናውን ሁሉ ዋጋ በአንድ ጊዜ አትክፈሉ፤ ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍን እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ታማሚው ልጃችሁ ከሆነ ሐኪሙ የሚለውን እሱ ራሱ እንዲያስተረጉምላችሁ አታድርጉ። እንግሊዝኛ የሚችለው እሱ በመሆኑ ብዙ እናቶች የልጃቸውን ሁኔታ ከራሱ ከልጁ አፍ ብቻ ይሰማሉ፤ እሱም በሐፍረት ግማሹን ያስቀራል። የመንግሥት ድጎማ የሚያገኙ ሆስፒታሎች በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ መብታችሁ ነውና ጠይቁ።

ከመጠን በላይ የተወሰደ ኦፒዮይድ ያቆመውን ትንፋሽ የሚመልሰውን ናርካን የተባለ የአፍንጫ ርጭት መድኃኒት ዛሬውኑ ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ። ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ሰውየው ስትጠሩት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ በአንዱ አፍንጫው ርጩለት፤ ወደ 911 ደውሉ፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ካልነቃ በሌላው አፍንጫው ድገሙለት። እርዳታ እስኪደርስ ጥላችሁት እንዳትሄዱ።